የፎሬክስና የሲኤፍዲ ብሮከሮችን አካውንት ከመክፈት በፊት ለማወዳደር የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በአዲስ አበባ መሃል ከተማ ስለ ፎሬክስ፣ ማለትም በብሮከር (በአገበያይ ድርጅት) በኩል ስለሚደረግ የምንዛሪ ንግድ፣ ወሬ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛው ብሮከር ይሻላል?» የሚለው ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ የታወቀ የንግድ ስም ጠርቶ ማለፍ ይሆናል። ስም ብቻውን ግን መልስ ሊሆን አይችልም። አንድን የንግድ ስም በለንደን፣ በቆጵሮስ፣ በሲሼልስና በሞሪሺየስ የተመዘገቡ የተለያዩ ድርጅቶች በጋራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ከኢትዮጵያ ሆኖ የሚመዘገብ ደንበኛ ደግሞ ውል የሚገባው ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ብቻ ነው፤ እሱም በማስታወቂያው ላይ ስሙ የተጠራው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የሚወዳደሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ውሉን ከእርስዎ ጋር የሚዋዋለው ድርጅት ማንነትና ገንዘብዎ ገብቶ የሚወጣበት መንገድ። ስፕሬዱ (በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት)፣ ሌቨሬጁ (ካለዎት ገንዘብ በላይ ለመነገድ የሚሰጥዎ አቅም) እና ፕላትፎርሙ (የሚነግዱበት ፕሮግራም) ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ለጀማሪዎች አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ሲኤፍዲ ማለት የዋጋ ልዩነት ውል ነው። በሲኤፍዲ አካውንት ወርቅ ገዛሁ ሲሉ አንድም ግራም ወርቅ በስምዎ አይቀመጥም፤ ያለዎት ዋጋው ቢወጣ ብሮከሩ ልዩነቱን ሊከፍልዎ፣ ቢወርድ ደግሞ ከሂሳብዎ ሊወስድ የተስማማችሁበት ውል ነው። ብሮከሩ ገንዘብ ተቀባይ፣ ዋጋ አሳዪ፣ ብዙ ጊዜም የውሉ ሌላኛው ወገን ስለሆነ፣ በታማኝነቱና በአቅሙ ላይ የሚኖርዎት ጥገኝነት ከባንክ ይልቅ የበረታ ነው። የአውሮፓ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና ገበያዎች ባለሥልጣን፣ በአጠራሩ ኤስማ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መግለጫ ከተራ ደንበኞች የሲኤፍዲ አካውንቶች መካከል ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት እንደሚከስሩ ገልጿል። ይህ ቁጥር በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ባሉ ብሮከሮች ዘንድ የታየ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ጥሩ ብሮከር መምረጥ ኪሳራን አያስቀርም፣ ከገበያው ውጭ የሚመጣን ኪሳራ ግን ይቀንሳል።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ የአገር ውስጥ ሕጉን ማወቅ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገውን ማሻሻያ ይፋ አድርጓል፤ ከባንኮች ውጭ የሆኑ የምንዛሪ ቢሮዎችም እንዲሠሩ ፈቅዷል። ይህን ይዘው «አሁን ፎሬክስ ተፈቅዷል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ማሻሻያው ብር የሚመነዘርበትን ተመን የሚመለከት እንጂ፣ በአገር ውስጥ የሚኖር ግለሰብ ብሩን መንዝሮ ውጭ አገር ወዳለ የግምት ንግድ አካውንት እንዲልክ በር የከፈተ አይደለም። ባንኮች የውጭ ምንዛሪ የሚሸጡት ለታወቀ ዓላማ፣ በማስረጃ ነው።

በተመሳሳይ ሁኔታ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. መከፈቱን ከዚህ ጋር ማምታታት አይገባም። በዚያ ገበያ የሚሠሩ አገናኞችን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ፈቃድ የሰጣቸውን ድርጅቶች ስም ይፋ ያደርጋል። ማንም ሰው ቢሮ ከፍቶ፣ ካዛንቺስም ሆነ ስታዲየም አካባቢ፣ «በኢትዮጵያ ፈቃድ ያለን የፎሬክስ ብሮከር ነን» ቢልዎ፣ ስሙን ከዚያ ዝርዝር ላይ መፈለግ ይቀድማል፤ ከሌለ ንግግሩ እዚያው ማብቃት አለበት። የንግድ ፈቃድ ማሳየቱ አይበቃም፤ ለሥልጠና ወይም ለማማከር የተሰጠ የንግድ ፈቃድ የሌላ ሰው ገንዘብ ለመቀበል አያስችልም።

ገንዘብዎን ለመላክ ያሰቡበት መንገድ ሕጋዊ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ካለዎ፣ ለባንክዎ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ወይም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኘው ብሔራዊ ባንክ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ። መልሱ «አይቻልም» ከሆነ፣ የቀረውን እርምጃ በዴሞ (እውነተኛ ገንዘብ በሌለበት የልምምድ) አካውንት ብቻ መከተል ይቻላል። ከውጭ አገር በሕጋዊ መንገድ ገቢ የሚያገኙ ሰዎችና በውጭ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ደግሞ ይህ መመሪያ በቀጥታ ይጠቅማቸዋል።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ውሉን የሚዋዋለውን ድርጅት መለየት

ከሁሉም እርምጃዎች ረዘም ያለ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ይህ ነው። የብሮከሩን ድረ ገጽ ይክፈቱና እስከ ታችኛው ጫፍ ይውረዱ። በደቃቅ ፊደል የተጻፉ ሁለት ሦስት አንቀጾች ይገኛሉ፤ እዚያ ውስጥ የእያንዳንዱ ድርጅት ሕጋዊ ስም፣ የምዝገባ ቁጥር፣ የፈቃድ ቁጥርና የተቆጣጣሪው አካል ስም ተዘርዝሯል። ቀጥሎ «የደንበኛ ስምምነት» የተባለውን ሰነድ ያውርዱና የመጀመሪያውን ገጽ ያንብቡ፤ በዚያ ላይ «ድርጅቱ» ተብሎ የተተረጎመው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ከኢትዮጵያ የሚመዘገብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመደበው በሲሼልስ፣ በሞሪሺየስ፣ በቫኑዋቱ ወይም በብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች ለተቋቋመው እህት ድርጅት ነው። በድረ ገጹ አናት ላይ የሚታየው የለንደን ፈቃድ በዚህ ጊዜ እርስዎን አይጠብቅም።

ስሙን ካገኙ በኋላ ፈቃዱን ከተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ያረጋግጡ። ብሮከሩ ያስቀመጠውን ሊንክ አይጫኑ፤ የተቆጣጣሪውን ድረ ገጽ አድራሻ ራስዎ ጽፈው ይግቡ። የብሪታንያው የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ኤፍሲኤ በመዝገቡ ላይ የድርጅቱን ቁጥር፣ አድራሻ፣ ስልክና የድረ ገጽ አድራሻ ያሳያል፤ አራቱም ከብሮከሩ ገጽ ጋር መግጠም አለባቸው፤ ምክንያቱም የእውነተኛ ድርጅት ስምና የፈቃድ ቁጥር ሰርቀው፣ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ የድረ ገጽ አድራሻ ከፍተው የሚያጭበረብሩ አስመሳዮች ብዙ ናቸው። የቆጵሮሱ ሳይሴክ በበኩሉ እያንዳንዱ ድርጅት እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱለትን የድረ ገጽ አድራሻዎች በዝርዝር ያሰፍራል፤ የእርስዎ ብሮከር ገጽ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ፣ የቆጵሮስ ፈቃዱ እርስዎን አይመለከትም ማለት ነው። በደቡብ አፍሪካው ኤፍኤስሲኤ ዘንድ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል፦ አንድ ድርጅት የአገናኝነት ፈቃድ ቁጥር ብቻ ኖሮት የሲኤፍዲ ውል የሚያወጣው ሌላ አገር ያለ እህት ድርጅት ሊሆን ይችላል። የተዋዋይነት ፈቃዱ ለብቻው የሚሰጥ ነውና ሁለቱን ይለዩ።

የሴይንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ ምዝገባ ብቻ የሚያቀርብ ብሮከር ካጋጠመዎ ጉዳዩ አጭር ነው። የዚያች አገር የፋይናንስ ባለሥልጣን ራሱ የፎሬክስ ብሮከሮችን ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታውቋል፤ እዚያ መመዝገብ ኩባንያ ማቋቋም እንጂ ቁጥጥር ሥር መሆን አይደለም። እንዲህ ያለውን ከዝርዝርዎ ይሰርዙ።

ድርጅቶቹን ሲያወዳድሩ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሱ። የደንበኛ ገንዘብ ከድርጅቱ ገንዘብ ተለይቶ እንዲቀመጥ ሕግ ያስገድዳል ወይ? ድርጅቱ ቢከስር የሚከፍል የካሳ ፈንድ አለ ወይ? ክርክር ቢነሳ የሚዳኘው ማን ነው? በብሪታንያ የተዋዋለ ብቁ ደንበኛ ድርጅቱ ቢከስር እስከ 85,000 ፓውንድ፣ በቆጵሮስ ደግሞ እስከ 20,000 ዩሮ የሚደርስ የካሳ ሽፋን አለው፤ በንግድ ለደረሰ ኪሳራ ግን ማንም ካሳ አይከፍልም። በደሴት አገሮች በተመዘገቡ እህት ድርጅቶች ዘንድ ይህን የመሰለ ፈንድ በአብዛኛው የለም። አንዳንዶቹ በዚህ ምትክ የአንድ የግል አስማሚ ማኅበር አባልነት ያሳያሉ፤ ከምንም ይሻላል፣ ከመንግሥት ተቆጣጣሪ ጋር ግን አይስተካከልም።

በደሴት አገር ፈቃድ የሚሠራ ሁሉ አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም። ለረጅም ዓመታት ደንበኞቻቸውን በአግባቡ የከፈሉ አሉ። ነገር ግን የሚተማመኑት በሕግ ሳይሆን በድርጅቱ መልካም ፈቃድ መሆኑን አውቀው፣ የሚያስገቡትን ገንዘብ መጠን በዚያው ልክ መወሰን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ወጪውን በዶላር ማስላት

ብሮከሮች ወጪያቸውን የሚገልጹበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም፤ ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ፣ ማለትም በአንድ ሎት (የንግድ መጠን መለኪያ) ስንት ዶላር እንደሚወጣ ወደሚለው ይቀይሩት። በዩሮ/ዶላር ላይ አንድ ሙሉ ሎት 100,000 ዩሮ ነው፤ አንድ ፒፕ ማለትም የ0.0001 ለውጥ 10 ዶላር ያወጣል። በ0.01 ሎት ደግሞ አንድ ፒፕ 10 ሳንቲም ነው።

ሁለት አካውንቶችን እናስብ። የመጀመሪያው ኮሚሽን የለውም፣ አማካይ ስፕሬዱ ግን 1.4 ፒፕ ነው፤ ወጪው በሎት 14 ዶላር ይሆናል። ሁለተኛው ስፕሬዱ 0.2 ፒፕ ሆኖ ለመክፈቻና ለመዝጊያ በድምሩ 7 ዶላር ኮሚሽን ይወስዳል፤ ወጪው በሎት 9 ዶላር ነው። «ኮሚሽን የለንም» የሚለው አካውንት በጣም ውዱ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በ0.05 ሎት የሚነግድ ሰው በመጀመሪያው በአንድ ንግድ 70 ሳንቲም፣ በሁለተኛው 45 ሳንቲም ይከፍላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በወር 40 ጊዜ ቢነግድ ግን 28 ዶላር እና 18 ዶላር ይሆናል። በሂሳቡ ያለው 200 ዶላር ከሆነ፣ ገበያው ወዴትም ሳይሄድበት በየወሩ 14 በመቶ ወይም 9 በመቶ ለብሮከሩ ይከፍላል። ብዙ ሰው ስልቱ የከሰረው በወጪው እንደሆነ ሳያውቅ ስልት ይቀያይራል።

«ከ0.0 ፒፕ ጀምሮ» የሚለው ማስታወቂያ ዝቅተኛውን እንጂ አማካዩን አይነግርዎም። ስለዚህ ለማወዳደር የመረጧቸውን ብሮከሮች ዴሞ አካውንት በአንድ ስልክ ላይ ከፍተው፣ ስፕሬዱን በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝግቡ፤ ቢቻል በኋላ በትንሽ እውነተኛ አካውንት ያረጋግጡት፣ ምክንያቱም የዴሞ ስፕሬድ አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው ይጠባል። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሦስት ጊዜዎችን እመክራለሁ። አንደኛው ለንደንና ኒውዮርክ አብረው የሚሠሩበት ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ስፕሬዱ እጅግ የሚጠበው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለተኛው የኒውዮርክ የንግድ ቀን የሚዘጋበት ሰዓት ነው፤ ይህም አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በሚቀይሩበት ወቅት ላይ ተመሥርቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ወይም 7 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ስፕሬዱ በዚያ ደቂቃ በብዙ እጥፍ ሊሰፋ ስለሚችል፣ ጠባብ ስቶፕ ሎስ (ኪሳራው የተወሰነ ደረጃ ሲደርስ ንግዱን በራሱ የሚዘጋ ትእዛዝ) አስቀምጠው የተኙ ሰዎች ዋጋው ሳይነካቸው ተዘግተው የሚያገኙት ለዚህ ነው። ሦስተኛው የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ሪፖርት የሚወጣበት፣ አብዛኛውን ጊዜ የወሩ የመጀመሪያ ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ወይም 10 ሰዓት ተኩል ነው።

ቀጥሎ ስዋፕን፣ ማለትም ንግድ ክፍት ሆኖ ሲያድር የሚታሰበውን ወለድ መሰል ሂሳብ፣ ይመልከቱ። ሜታትሬደር 5 በተባለው የመነገጃ ፕላትፎርም የስልክ መተግበሪያ ላይ የአንድን የምንዛሪ ጥንድ (ለምሳሌ ዩሮ/ዶላር) ስም ነክተው ዝርዝር መግለጫውን ሲከፍቱ፣ የውሉ መጠን፣ ለግዢና ለሽያጭ የሚታሰበው ስዋፕ፣ ስዋፕ በሦስት እጥፍ የሚቆጠርበት ቀን ሁሉም ተጽፎ ይገኛል። የምንዛሪ ጥንዶች ላይ ሦስት እጥፉ አብዛኛውን ጊዜ ረቡዕ ሌሊት ነው። ስዋፑ በአንድ ሌሊት በሎት 7 ዶላር የሚቀንስ ቢሆን፣ 0.05 ሎት ለአንድ ሳምንት ክፍት ሲቆይ በአምስት ሌሊት የሰባት ሌሊት ሂሳብ፣ ማለትም 2 ዶላር ከ45 ሳንቲም ይወስዳል። ወለድ በሃይማኖታቸው የተከለከለ ሙስሊም ወገኖቻችን ከስዋፕ ነፃ የሆነ አካውንት መጠየቅ ይችላሉ፤ ሆኖም አንዳንድ ብሮከሮች ከተወሰኑ ቀናት በኋላ በ«አስተዳደር ክፍያ» ስም ተመሳሳይ ገንዘብ ስለሚያስከፍሉ፣ የክፍያ ሠንጠረዡን ማንበብና ጉዳዩን ከሚያምኑት የሃይማኖት አዋቂ ጋር መነጋገር ተገቢ ነው።

ወርቅ ላይ የሚነግዱ ከሆነ የውሉን መጠን ሳያዩ አይጀምሩ፤ በተለመደው አሠራር አንድ ሎት 100 አውንስ ስለሆነ የ1 ዶላር የዋጋ ለውጥ በሙሉ ሎት 100 ዶላር ነው። የቀሩት ወጪዎች፣ ማለትም የማውጫ ክፍያ፣ የምንዛሪ ልዩነትና አካውንቱ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ የሚቆረጠው፣ በአንድ ገጽ ተጽፈው ስለሚገኙ ገልብጦ መያዝ ይበቃል።

አራተኛው እርምጃ፦ ሌቨሬጅና የመዝጊያ ደረጃ

ከፍተኛ ሌቨሬጅ እንደ ስጦታ የሚቀርብ ነገር ነው፤ በእኔ አመለካከት ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ኤስማ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ለተራ ደንበኞች ሌቨሬጅን በዋና ዋና የምንዛሪ ጥንዶች ላይ 1 ለ30፣ በወርቅ ላይ 1 ለ20፣ በነጠላ አክሲዮኖች ላይ 1 ለ5፣ በክሪፕቶ ላይ 1 ለ2 እንዳይበልጥ ገድቧል፤ ለመመዝገቢያ የሚሰጥ ቦነስንም ከልክሏል። በአሜሪካ በምንዛሪ ላይ ገደቡ 1 ለ50 ሲሆን ሲኤፍዲ ለተራ ደንበኛ ጨርሶ አይፈቀድም። ከኢትዮጵያ ለሚመዘገብ ሰው ግን 1 ለ500ና ከዚያ በላይ ይቀርብለታል።

ይህ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። በሂሳብዎ 200 ዶላር አለ፤ ዩሮ/ዶላር 1.10 ላይ ነው፤ ሌቨሬጁ 1 ለ500 ስለሆነ 0.50 ሎት ገዙ እንበል። የገዙት መጠን 55,000 ዶላር፣ የተያዘው ማርጅን (መያዣ ገንዘብ) 110 ዶላር ነው፤ አንድ ፒፕ 5 ዶላር ያወጣል። የብሮከሩ የመዝጊያ ደረጃ የማርጅኑ 50 በመቶ ከሆነ፣ ሂሳብዎ 55 ዶላር ሲደርስ ንግዱ በራሱ ይዘጋል፤ ይህም 145 ዶላር ማጣት፣ ማለትም 29 ፒፕ ነው። ዩሮ/ዶላር 29 ፒፕ ለመሄድ ግማሽ ቀን አያስፈልገውም። የመዝጊያ ደረጃው 20 በመቶ የሆነ ሌላ ብሮከር እስከ 35 ፒፕ ያቆይዎና በ22 ዶላር ያሰናብትዎታል። 1 ለ30 ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ንግድ ለመክፈት ከ1,800 ዶላር በላይ ማርጅን ስለሚያስፈልግ ብሮከሩ ገና ከመነሻው አይፈቅድልዎም ነበር። ስለዚህ ብሮከሩ ሌቨሬጁን ዝቅ አድርጎ ለመምረጥ የሚያስችልዎ መሆኑን እንደ መልካም ነጥብ ይቁጠሩለት።

በውሉ ውስጥ መፈለግ ያለበት ሌላ ሐረግ ሂሳብ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ የሚሰጥ ዋስትና ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይጠብቅ የነበረውን ወሰን በድንገት ሲያነሳ፣ ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ስለተናደ የብዙ ደንበኞች ሂሳብ ከዜሮ በታች ወረደ፤ በለንደን ይሠራ የነበረው ብሮከር አልፓሪ ዩኬ ከሰረ፣ ኤፍኤክስሲኤም የተባለው ብሮከርም ደንበኞቹ የ225 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ እንዳለባቸው አስታውቆ ብድር ለመውሰድ ተገደደ። ዋስትናው በማስታወቂያ ላይ ብቻ ሳይሆን በደንበኛ ስምምነቱ ውስጥ በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ።

አምስተኛው እርምጃ፦ ትእዛዝ የሚፈጸምበት ሁኔታና ፕላትፎርሙ

ብሮከሩ ራሱ የውሉ ሌላኛ ወገን ሆኖ የሚሠራ ከሆነ የእርስዎ ኪሳራ የእሱ ትርፍ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በራሱ ሕገወጥ አይደለም፣ ነገር ግን ቁጥጥር የላላበት ቦታ ላይ ሲሆን ያሳስባል። ትእዛዝዎ ከጠየቁት ዋጋ ምን ያህል ርቆ እንደተፈጸመ ሁልጊዜ ይመዝግቡ። መንሸራተቱ አንዳንዴ ለእርስዎ፣ አንዳንዴ በእርስዎ ላይ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ሁልጊዜ በእርስዎ ላይ ብቻ ከሆነ ብሮከሩን ይተዉት።

መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ከተማ ለሚነግድ ሰው አንድ ነገር ከምንም በላይ ያስፈልገዋል። በሜታትሬደር ላይ ያስቀመጡት ስቶፕ ሎስ በብሮከሩ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ስልክዎ ቢጠፋም ይሠራል፤ ዋጋውን እየተከተለ የሚንቀሳቀሰው ትሬይሊንግ ስቶፕ ግን የሚሠራው ፕሮግራሙ በኮምፒውተርዎ ላይ ክፍትና የተገናኘ ሲሆን ብቻ ነው። መብራት ከሄደ ስቶፑ ባለበት ቆሞ ይቀራል። ይህን አገልግሎት በሰርቨሩ ላይ የሚሰጡ ሌሎች ፕላትፎርሞች ስላሉ ብሮከሩን ይጠይቁ።

መተግበሪያውን ከኦፊሴላዊ መደብር ያውርዱ፤ በቴሌግራም የተላከ የመጫኛ ፋይል በፍጹም አይጫኑ፤ ትርፉም ገበታውም ተፈብርኮ የሚታይበት የውሸት ፕላትፎርም አለና።

ስድስተኛው እርምጃ፦ ሰነድዎ፣ ገንዘብዎና መውጫው

በእኛ አገር ደንበኞች ላይ ገንዘብ ከሚያዝባቸው ምክንያቶች አንዱ የስም አጻጻፍ ነው። ፓስፖርትዎ ላይ፣ ፋይዳ መታወቂያዎ ላይና የባንክ ሂሳብዎ ላይ ስምዎ በላቲን ፊደል የተጻፈበት መንገድ በአንዲት ፊደል ቢለያይ፣ ወይም አንዱ የአያት ስም ጨምሮ ሌላው ቢተው፣ ገንዘብ ሲያስገቡ ማንም አይጠይቅዎም፤ ሲያወጡ ግን «ስሙ አይገጥምም» ይባላሉ። ከመመዝገብዎ በፊት ሦስቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ፤ ልዩነት ካለ በባንክዎ ያስተካክሉ። የልደት ቀንዎም ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በትክክል የተቀየረ መሆኑን ይመልከቱ። የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ሲጠየቁ የመብራት ወይም የውኃ ደረሰኝ በአከራይ ስም ስለሚሆን ብዙ ሰው ይቸገራል፤ አድራሻዎ የሰፈረበትና ማኅተም ያረፈበት የባንክ ስቴትመንት በእንግሊዝኛ ማስወጣት የተሻለ ነው። ብሮከሩ ይህን ሰነድ ይቀበል እንደሆነ ገንዘብ ሳያስገቡ በፊት ያስጸድቁ።

ሕጋዊ ብሮከሮች ገንዘብን ወደመጣበት መንገድ፣ በስምዎ ወደተመዘገበ ሂሳብ ብቻ ይመልሳሉ። ስለዚህ በጓደኛ ካርድ ወይም በማያውቁት ሰው በኩል የገባ ገንዘብ መውጫው ላይ ይታገታል። ክሪፕቶ እንደ አማራጭ ሲቀርብልዎ በተሳሳተ ኔትወርክ የተላከ ገንዘብ እንደማይመለስ፣ ምንጩን የማያውቁት ገንዘብ ከማያውቁት ሰው ወደ ባንክ ሂሳብዎ ሲገባም ሂሳቡ ለማጣራት ሊታገድ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ።

ገንዘብዎን ለማውጣት «አስቀድመው ግብር ይክፈሉ» ወይም «የማረጋገጫ ገንዘብ ይላኩ» የሚል መልእክት ከደረሰዎ አንድም ብር አይጨምሩ። እውነተኛ ብሮከር ክፍያ ካለው ከሂሳብዎ ላይ ይቀንሳል እንጂ አዲስ ገንዘብ አያስልክም። ከዚያ በኋላ «የተበላብዎን ገንዘብ እናስመልሳለን» ብለው የሚደውሉትም ብዙ ጊዜ ስልክዎን ከዚያው አጭበርባሪ ያገኙ ናቸው።

ሰባተኛው እርምጃ፦ የጠቆመዎትን ሰው ጥቅም ማወቅ

በከተማችን ሥልጠና የሚሰጡና የቴሌግራም ግሩፕ የሚያስተዳድሩ ብዙዎቹ የሚሰጡዎት ሊንክ የብሮከር አስተዋዋቂ ሊንክ ነው፤ በእርስዎ እያንዳንዱ ንግድ ከስፕሬዱ ወይም ከኮሚሽኑ ድርሻ ያገኛሉ። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በነገዱ ቁጥር የጠቆመዎት ሰው የበለጠ ስለሚያገኝ ምክሩን በዚያ ዓይን መመዘን ይገባል። «በእኔ ንግድ ስንት ታገኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ታማኝ ሰው ይነግርዎታል።

ትርፉን በስክሪን ፎቶ የሚያሳይ ሰው የዴሞ አካውንት ፎቶ ሊያሳይዎ ይችላል። ሜታትሬደር ንግድ ለማየት ብቻ የሚያስችል፣ ለመነገድ የማያስችል የኢንቨስተር የይለፍ ቃል ስላለው፣ ማስረጃ ማሳየት የሚፈልግ ሰው እሱን መስጠት ይችላል። «እኔ ልነግድልህ» ብሎ ዋናውን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሰው ግን፣ የሥጋ ዘመድም ቢሆን፣ አይስጡት።

ስምንተኛው እርምጃ፦ በትንሽ ገንዘብ መሞከር

እስካሁን በተባለው ተጣርተው ሁለት ብሮከሮች ቢቀሩ፣ ሕጉ የሚፈቅድልዎ ከሆነ፣ በእያንዳንዳቸው ዝቅተኛውን ገንዘብ ብቻ ያስገቡ። ቦነስ ቢቀርብ አይቀበሉ፤ የተወሰነ ሎት ሳይነግዱ ገንዘብ እንዳያወጡ የሚያስር ሁኔታ ብዙ ጊዜ አብሮት አለ። ጥቂት ትንንሽ ንግዶች ይክፈቱና ይዝጉ፤ ከዚያ ከግማሽ በላዩን እንዲወጣ ይጠይቁ። የጠየቁበትን ሰዓት፣ የጸደቀበትን ሰዓት፣ ገንዘቡ የደረሰበትን ሰዓትና የተቀነሰውን መጠን ይጻፉ። ለደንበኞች አገልግሎትም አንድ ጥያቄ ይላኩ፤ «ውል ያለኝ ከየትኛው ድርጅት ጋር ነው?» የሚለውን። በቀጥታ ከመለሰና መልሱ ከሰነዱ ጋር ከገጠመ አንድ ነጥብ አገኘ፤ ስለ ሽልማት ማውራት ከጀመረ አንድ ነጥብ አጣ።

የመረጡትን ብሮከር የደንበኛ ስምምነትና የክፍያ ሠንጠረዥ በተመዘገቡበት ዕለት አውርደው፣ ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡ። ብሮከሮች ውላቸውን በኢሜይል ማስታወቂያ መለወጥ ይችላሉ፤ «አካውንትዎ ወደ እህት ድርጅታችን ተዛውሯል» የሚል ኢሜይል ቢደርስዎ አዲስ ብሮከር እንደመጣ ቆጥረው ሁለተኛውን እርምጃ እንደገና ይሥሩት። ቅሬታ ሲኖርዎ በቻት አይከራከሩ፤ የንግዱን ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት በሰርቨሩ አቆጣጠር ጠቅሰው ለቅሬታ ክፍሉ በኢሜይል ይጻፉ። በብሪታንያ የተዋዋለ ድርጅት የመጨረሻ መልሱን በስምንት ሳምንት ውስጥ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ወይም መልሱ ካላረካዎ ጉዳዩን ለፋይናንስ እንባ ጠባቂው ያለ ክፍያ ማቅረብ ይችላሉ። በሌሎች አገሮች ቀነ ገደቡ ስለሚለያይ፣ በውሉ ውስጥ ያለውን የቅሬታ አንቀጽ አስቀድመው ያስምሩበት።